የሰርፀ አውራ ጣት

ጓደኛችን ሰርፀ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ካርታ ሲያነሳ አውራ ጣቱን ይልስ ነበር። በዚያው ጣቱ ደግሞ ያጎርሳል። ለመጨረሻ ጊዜ ዶሮ ወጥ ሊያጎርሰኝ ሲል ተጸይፌ ፊቴን አዞርኩበት። በሳምንቱ ሞተ።

ከአርባው በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከታዲዮስ ጋር ቻምብሊ ከተማ ጓደኛችን ንዋይ ቤት ሄደን ብላክጃክ ጀመርን። አዲሱን ካርታ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጨዋታውንም የመረጥኩት እኔ፤ ካርታ የሚያድለው የዲለሩም ሳይቀር የሁሉም ካርታ ተገልጦ ይቀመጣል፣ እኩል ከመጣ ዲለሩ ይበላል። ከዲለሩ በቀር ካርታ የሚነካ የለም። የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ንዋይ ዲል ሲያደርግ ልማድ ሆኖበት ለሰርፀ ባዶ ወንበርም ሁለት ካርታ አስቀመጠ። መልሶ ሊያነሳቸው ሲል እጁን ሰበሰበ።

«ረጥበዋል» አለ።

«ማነው የላሳቸው? ኧረ ያስጠላል» አልኩ።

«ማንም አልነካቸውም» አለ ታዲዮስ።

ሦስታችንም እጃችንን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። ከባዶው ወንበር በኩል ጣት ሲላስ ተሰማ። ከዚያ ዶሮ ወጥ የሚሸት እርጥብ ጣት ከንፈሬን ነካኝ።

ፊቴን ባዞርም ተከተለኝ።