ያልወደቀው ሞተር

ወርክሾፑ የመጣው አሮጌ የአውሮፕላን ሞተር፣ ዓይነቱ የተጻፈበት ሰሌዳ ሌላ፣ አካሉ ሌላ ነበር። ከፊቱ ያለው የፕሮፔለር መቆጣጠሪያ የሚታሰርበት መቀመጫ፣ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው የሞተር ዓይነት ላይ አይኖርም። መካኒኳ «ሰሌዳ ይቀየራል፣ አካል አይዋሽም» ብላ ጨርቋን ቤንዚን ውስጥ ነከረችና የደረቀውን ቅባት ጠረገች። የተቀረጸው ቁጥር ብቅ ሲል፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ሳታያቸው በቃሏ ጨረሰቻቸው።

አብራሪው ባሏ ይዞት የጠፋው የዚያ አውሮፕላን ሞተር ነበር። የት እንደወደቀ ሳይታወቅ፣ ሬሳው ሳይገኝ ሐዘን ከተቀመጠች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። መዳፏን ባሏ ለበረራ ከመነሳቱ በፊት መታ መታ የሚያደርገው ቦታ ላይ አሳረፈች። ከዚያም የወደቀ ሞተር የማያጣው ስንጥቅ ወይም የብየዳ ጠባሳ እንዲገኝ እየለመነች ሞተሩን ዙሪያውን ዳበሰችው፤ አንድም አላገኘችም።

አለቃዋ ከበሩ ሆኖ፣ «እንዴት ነው እህቴ፣ ወድቆ ያውቃል?» አላት።

«ደህና ነው» አለች እጇን ሳታነሳ። «አንድም ቀን አልወደቀም።»