በአንዲት መፍቻ የሚፈታው ስልክ

ኪሩቤል ስልኩን የሠራው ራሱ ነበር። ቢሰበር እንዳይጣል ብሎ፣ ስክሪኑም ባትሪውም ካሜራውም በአንዲት መፍቻ ወልቆ በሌላ እንዲተካ አድርጎ ነው። አያቱ ግን ይህ ሁሉ አይገባትም፤ እሷ የምታውቀው፣ በሞተር ሳይክሉ ወጥቶ እስኪመለስ ደጋግማ መደወል ብቻ ነበር።

ቁልቁለት ላይ በሞተሩ ተገልብጦ ከሞተ ነገ አርባ ቀኑ ነው። የተሰባበረውን ስልክ በመሐረብ ቋጥራ ሥራ ቦታው ድረስ ይዛው መጣች። ባልደረባው ትርሲት ተቀበለቻት።

«ልጄ፣ ድምፁን ብቻ አሰሚኝ። የዚያን ቀን አሥር ጊዜ ደወልኩለት፤ አንዱንም አላነሳልኝ። ተቀይሞኝ ይሆን የሞተው እያልኩ፣ እህሉም አልወርድ አለኝ።»

«ኧረ እማማ፣ በእርስዎ ይቀየማል? ‹የእኔ አያት ከትራፊክ ፖሊስ ትብሳለች› እያለ ያስቀን ነበር እኮ።»

ትርሲት የተሰነጠቀውን ስክሪንና ያበጠውን ባትሪ ፈትታ አወጣች፤ ከመሳቢያ ሌላ አምጥታ ገጠመች። መልእክቶቹ የሚቀመጡበትን ክፍል ግን አልነካችውም። ስልኩ በራ።

«ይኸው፣ ለእርስዎ ቀድቶት ሳይልከው የቀረ አለ። የዚያኑ ዕለት ነው።»

አሮጊቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማት፤ ቀጥሎ የሞተሩ ጩኸት፤ ከዚያ እሱ።

«እምዬ፣ ስልኩን ስትደጋግሚብኝ ጊዜ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ደህና ነኝ። ይኸው ቁልቁለቱን እየወረድኩ፣ መሪውን በአንድ እጄ ይዤ ነው የማወራሽ።»