የተቋጠረው ፀጉር

ነርሷ መቀስ ይዛ ስትገባ ልጅቱ ከእናቷ አልጋ ራስጌ ቆማ ነበር። እናቷ በሕመም አንደበቷ ከተያዘ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። ፀጉሯም ሳይበጠር ከርሞ እንደ ገመድ ተቋጥሯል። «ይሄማ አይፈታም፤ ይቆረጥ» አለች ነርሷ።

«ለእኔ ይተዉልኝ ሲስተር፤ እንኳን ይሄን!» አለች ልጅቱ። ፀጉሩን ቅባት አስነካችና ማበጠሪያውን በሙሉ ልብ ከሥሩ ሰክታ ሳበችው። ያን ጊዜ እናቷ ፊቷን አጨማደደች፤ እጇን ቀስ ብላ አንስታም የልጇን የእጅ አንጓ ያዘች።

«ከ... ከጫፉ!» አለች በሚኮላተፍ አንደበት። «ስንቴ ልንገርሽ? በየቀኑ ብታበጥሪው ኖሮ መች ይቋጠር ነበር?»

ነርሷ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች። ልጅቱን ሳቅና እንባ እኩል መጡባት። «ልክ ነሽ እማዬ» አለች፤ «እስቲ ደግመሽ ተቆጪኝ!»