የአንድ እናት ልጆች

አናጢው ታላቅ እህቱን ማየት አስጠልቶታል። አባታቸው በተቀበሩ ማግስት፣ ለቀስተኛው ሳይበተን፣ «አንተ ከመንገድ የተነሳህ እንጂ ወንድሜ አይደለህም!» ብላ አዋረደችው። ደሙ ፈልቶ የዲኤንኤ ምርመራ ካላደረግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሄደው ምራቅ ሰጡ።

ዛሬ ውጤቱን ሊሰሙ መጥተው፣ በመሃላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተው፣ ተኮራርፈው ተቀመጡ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ፈገግ አለች። «እንኳን ደስ አላችሁ። ሦስታችሁም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናችሁ።»

«ሰማሽ?» ብሎ እህቱ ላይ ከጮኸ በኋላ ነው ቃሉ የገባው። «ሦስት ማለት?»

«እናንተና ታናሻችሁ ናችኋ! አብራችሁ መጥታችሁ አይደል እንዴ ምራቅ የሰጣችሁት?» አለች፣ ባዶውን ወንበር እያየች።

እህቱ ክው አለች። አናጢው ግን የተቀለደበት መሰለውና ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

«ይቺ አንዷ መቼ አነሰችኝና ነው! እናቴ ከሁለታችን ሌላ አልወለደችም። ሌላ ወንድም የሚባል አላውቅም!»

ከባዶው ወንበር፣ ቁርጥ የአባታቸውን በሚመስል ድምፅ፣ መልስ መጣ።

«አንተም እሷ እንደካደችህ ትክደኛለህ?»