እህትህስ ተመርምራለች?

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀድማ የቆመችው ሀያ ነች። የደረጃውን ብረት ይዛ፣ የሻሿን ጫፍ እያራገበች ሳቀች። «የልብ በሽተኛው አንተ፣ የምታለከልከው እኔ! አቦ፣ ይሄ የጅቡቲ ሙቀት አንድ ቀን ይገድለኛል።»

ነጅሙዲን አብሯት ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የእህቱ ልጅ ገና ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ዓመቷ ነው። እሱ ስልሳን እየተጠጋ፣ ያ ልቡ እንዳሻው እየዘለለ፣ ደረጃውን ከእሷ እኩል ወጥቶታል። «ቀስ እንበል፣ ማንም አያባርረን» አላትና ትንፋሿን በዓይኑ ይከታተል ጀመር።

ዛሬ እሷን ይዞ መምጣት አልነበረበትም። ሄሮን ሰፈር ወዳለው ወደዚህ የልብ ክሊኒክ ሲመጣ የሚያስተረጉምለት ሙክታር፣ የካርቲየ 6 ሰፈር ጎረቤቱ ነበር፤ የነጅሙዲን ፈረንሳይኛ ፍራሽ ከመሸጥ አያልፍምና። ጠዋት ሙክታር «ልጄ ታማብኛለች» ብሎ ቀረ። ሀያ ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሱቁ በር ላይ ተገተረች። «አባቴ ሲሞት ያሳደግከኝ አንተ፣ ሐኪም ዘንድ የሚወስድህ ባዳ? ወላሂ አይሆንም!» ይዟት መጣ።

ፈረንሳዊቷ ዶክተር ወረቀት ላይ ልብ ሥላ ማስረዳት ጀመረች፤ ሀያም እየተረጎመች እግር በእግር ትከተላታለች። «የልብህ ግድግዳ ከልክ በላይ ወፍሯል ትላለች። ምቱም የሚዛባው በዚያ ነው። ለሕክምናው ፓሪስ ስትሄድ በታፋህ ደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው እስከ ልብህ ያደርሱና፣ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ ያቃጥሉታል። አይዞህ፣ ደረትህን አይከፍቱትም።» ትንሽ አዳመጠች። «ግን እንዳንተ ልቡ በወፈረ ሰው ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜም ሊያስፈልግ ይችላል ትላለች። ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን ደግሞ እንዳታቋርጥ።»

«እሺ በያት» አለ ነጅሙዲን። ይህን ሁሉ ያውቀዋል። የፈራው ሌላ ነው።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች።

«እህትህስ ተመርምራለች ወይ ትላለች» አለች ሀያ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ቀለል አድርጋ። ከዚያ የተናገረችው ነገር ዘግይቶ ገባት። ነጅሙዲን ያለችው እህት አንዲት ናት፤ ጀዋሪያ፣ የሀያ እናት። «እማዬን ነው? ምኑን ነው የምትመረመረው?»

ሀያ ወደ ዶክተሯ ዞራ በራሷ ጠየቀች፤ ደግማም ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ መተርጎሙን ተወችው። ነጅሙዲን ግን ከፊቷ ላይ ሁሉንም ያነበዋል። ከረመዳን በፊት ሙክታር እየተርበተበተ የነገረውን ነው። በሽታው በዘር ይተላለፋል። ወንድማቸው ባሺር በሠላሳ ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ዱብ ብሎ የቀረው፣ ሰው ሁሉ «የሰው ዓይን ነው» ያለው፣ ምናልባት በዚሁ ነው። እህት ትታይ፣ ልጇም ትታይ ተብሎ ነበር።

«ለእማዬ አልነገርካትም።»

«ሰርግሽ ይለፍ ብዬ ነው፣ ሀያዬ።»

«ሰርጌ?»

«የረምዚ ሽማግሌዎች የመጡ ለት... ዘራችሁ ጤናው እንዴት ነው አሉኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለብንም አልኳቸው።» እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር ያላቸው፤ ልቡ ከእጁ ሥር እየተንፈራገጠ። «ወሬው ከወጣ ይተዉሻል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ዛሬ ነገ ስል...» ሰበቡ ለራሱ ጆሮ እንኳ ስላልጣመው ሳይጨርሰው ተወው።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ደረጃው ላይ ስቆም አይተኸኛል» አለችው ብቻ።

አይቷታል። ዛሬ ብቻም አይደለም። እጮኛዋ ረምዚ ሆዳን ሰፈር የተከራየውን ቤት ልታሳየው የወሰደችው ዕለት መንገድ ላይ ቆማ «ጫማዬ ነው» ብላው ነበር። እሱም «አዎ፣ ጫማሽ ነው» አላት። ይህን ሲያስታውስ ራሱን ጠላ።

ዶክተሯ የአልትራሳውንዱን አልጋ አሳየችው፤ የእሱ ተራ ነው። ነጅሙዲን ከወንበሩ ተነሳ፤ ወደ አልጋው ግን አልሄደም። የገበያ ፈረንሳይኛውን ለቃቅሞ፣ በጣቱ ወደ ሀያ እያመለከተ፣ «መጀመሪያ እሷ። እባክሽ» አላት። ዶክተሯ ሀያን አየቻት። ሀያ እሺ ለማለት አንገቷን ደፋ አደረገች።

ከመጋረጃው ኋላ ከመግባቷ በፊት ሽማግሌዎቹ ያመጡላትን የአንገት ወርቅ አውልቃ ሰጠችው። ፊቱን አላየችውም።

መጋረጃው አጠገብ ቆመ። መሣሪያው የልቧን ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ሿ፣ ሿ፣ ሿ። ዶክተሯ እያወራች ታሳቃታለች። ከዚያ ወሬዋን አቆመች። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ጠቅ። ነጅሙዲን ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የግድግዳውን ውፍረት የምትለካው እንዲህ ነው። የእሱን ልብ ያየች ቀንም አንዴ ለክታ፣ ዝም ብላ፣ እንደገና ለክታ ነበር።

«አጎቴ» አለች ሀያ ከመጋረጃው ኋላ። ድምፅዋ የልጅነት ድምፅዋ ሆኗል። «ዝም አለች እኮ። ምን ማለቷ ነው?»

ነጅሙዲን አፉን ከፈተ። ወርቁ መዳፉ ውስጥ በላብ ርሶ እንደ ሰው ገላ ሞቋል።