የዘይቱ ጣሳ ማረፊያ

«ከወንበሩ ኋላ!» አለ ካፒቴኑ። ጣቱ ያመለክታልና ይህ እንኳ ለዘሩ ያለ አስተርጓሚ ገባው።

መካኒኩ ዘሩ የዘይቱን ጣሳ እንዳቀፈ ቆመ። ቡሬ ከሰፈሩት ጣልያኖች የዚህ ካፒቴን ነገር ሁሉ ጥድፊያ ነው። የጭነት መኪና ሞተር ነቅሎ ጣራም በርም በሌላት አጭር መኪና ላይ ተክሏል። እሑድ ከአንድ መኮንን ጋር እስከ ደምበጫ ሊሽቀዳደም ነው። መኪናዋ መሬት እንድትጠጋ ብሎ የሞተሩን የታች ዘይት መያዣ አስቆርጦ ጣለ። እንግዲህ ዘይቱ በቱቦ የሚመጣው ከዚህ ጣሳ ነው፤ ጭቅጭቁም ጣሳው የት ይታሰር ነው።

ዘሩ ቦታውን ከመረጠ ሦስት ቀኑ። ከፊት፣ ከሞተሩ ሥር። በመንገዱ ላይ ከማንኩሳ ወዲህ ያለው ወንዝ ድልድይ የለውም፤ ውሃው ጎደሎ ቢሆንም ድንጋዩ አይጣል ነው። ጣሳውን ይበሳዋል፤ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ዳገቱን ሳያጋምስ ደርቆ ይቆማል። ዳገቱ ላይ አርበኛው ወንድሙ ላቀው ከነጓዶቹ አድፍጦ ይጠብቃል። ባለፈው ጥቅምት እናታቸውን ከነጎጆዋ ያቃጠለው ይኸው ካፒቴን ነው።

«የሽዋስ፣ እንዲህ በልልኝ፤» አለ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ። «የበቅሎ ጭነት ወደ ኋላ ካደላ ዳገት ላይ ይጥላታል። ክብደት ወደ ፊትና ወደ ታች ነው። ዘይቱንም ነፋስ ያቀዘቅዘዋል።»

የሽዋስ ተረጎመ። ዘሩ ካለው በላይ አስረዘመው፤ ዳገት የከበዳትን በቅሎ ራሱ ሆኖ አሳየ። ካፒቴኑ ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ሥር አየ፣ በስንዝር ለካና እሺ አለ። ከዚያ የየሽዋስን ትከሻ መታ አድርጎ አንድ ነገር ተናግሮት ወደ ጥላው ሄደ።

«አያ ዘሩ፣ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ?» የየሽዋስ ፊት በራ። «በእሽቅድድም ከነጂው አጠገብ ዘይቱን የሚጠብቅ ሰው ይቀመጣል፣ ደንባቸው ነው አሉ። እኔን መረጠ!»

ዘሩ ክው አለ። የሽዋስ እንጀራ ፍለጋ ጣልያን ቤት ገባ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም፤ አምና ዘሩ በታሰረ ጊዜ ዋሽቶ ያስፈታው እሱ ነው። ቢነግረው ወንድሙን አሳልፎ መስጠት፣ ባይነግረው ይህን ሰው መግደል። ብሎኑን ያጠብቃል፣ መልሶ ይፈታል፤ እጁ አላርፍ አለ።

«ታመምሁ በል፤ ቅር።»

«ምነው? እምቢ ብል አያስገርፈኝም?»

ዘሩ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ። «እንግዲያስ ከሩቅ እንድትለይ ነጭ ጋቢ ልበስ። ወንዙን ተሻግራችሁ ዳገቱ ላይ ትቆማላችሁ። ያን ጊዜ ዝለልና ቦዩ ውስጥ ተኛ። ቀና እንዳትል።»

የየሽዋስ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጣሳውን አየ፣ ዘሩን አየ። ከዚያ ዞሮ «ሲኞር ካፒታኖ!» ሲል ተጣራ።

ካፒቴኑ መጣ። በጣልያንኛ ተነጋገሩ፤ ዘሩ አንዲት ቃል አልያዘም። ካፒቴኑ ዘሩን አተኩሮ አየው፣ ትከሻውን ነቅንቆ ተመለሰ።

«ምን አልኸው?»

«አቧራው ብዙ ነው፣ ጋቢ ልልበስ ወይ አልሁት።» የሽዋስ ተንበረከከና ጣሳውን ከሥር ደግፎ ያዘለት። «በሉ ያጥብቁት፣ አያ ዘሩ።»