ካፖርት በነሐሴ

ሰላማዊት ሁለት ቀጫጭን የጥጥ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላና የጥርስ ብሩሽ በጀርባ ቦርሳ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ፈረንጆች ሙቀትና እርጥበት ባለበት አገር እንዴት ቀለል ብለው እንደሚጓዙ ስልኳ ላይ አይታለች። ሲታጠብ ቶሎ የሚደርቅ፣ ሲጠቀለል ቦታ የማይፈጅ ልብስ ብቻ። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ኮተት ነው።

ቀለል ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። በኮሮናው ተቋርጦ የከረመው በረራ ሲከፈት ስሟ የገባው ተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ውስጥ፣ ከሁሉም መጀመሪያ ላይ ነው። ከዋናዎቹ ተጓዦች አንድ ሰው ከቀረ በሩጫ መግባት አለባት። አዲስ አበባ እናቷ በጠና ታመዋል። ወንድሟ ኢሳያስ በየቀኑ፣ እሷን ሲያጣት በክፍል ጓደኛዋ ስልክ ሳይቀር፣ እየደወለ «ድረሺላት» ይላታል። እናቷን በሕይወት ማግኘት ነው የምትፈልገው፤ ሌላው ሁሉ ይቅርባት።

ኸይጣን በሚባለው የኩዌት ሰፈር ክፍል የምትጋራት ተዋበች ግን ከዋናዎቹ አንዷ ናት። ሰላማዊትን ያበገናት ይሄው ነው። ለነገሩ ተዋበችን ድሮም አትወዳትም። ሰላማዊት የሰው እጅ የማታይ ሴት ናት፤ ታማ በተኛች ጊዜ ተዋበች የሠራችላትን ሾርባ እንኳ ሳትቀምስ ደፍታዋለች።

የጉዞው ቀን ተዋበች ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደረበች። በዚያ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ደግሞ ማዳሟ የጣለችውን የክረምት ካፖርት።

«አብደሻል እንዴ?» አለች ሰላማዊት።

«ሻንጣዬ ሞላ። ኪሎ ያልፍብኛል።»

ኪሎ እንዳያልፍ ደራርቦ መሄድ ከዐረብ አገር የሚመለሱ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው። ግን እንፋሎት በሚመስለው የኩዌት የነሐሴ አየር ካፖርት? ሰላማዊት ስስት ሰውን እንዲህ መሳቂያ ሲያደርገው አይታ አታውቅም። እሷ የራሷን አንሶላና ፍራሽ ጠቅልላ ለጎረቤት ሰጥታለች። ተዋበች አልጋዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ዝርክርክ!

አወል የሚባል የወሎ ልጅ በታክሲው ወሰዳቸው።

«ማቀዝቀዣውን አጥፋልኝ፣ ወንድሜ፤ ያስነጥሰኛል» አለችው ተዋበች።

በዚያ ዘመን ማስነጠስ የማያስፈራው ሰው አልነበረም። አወል ሳይከራከር አጠፋው። ሰላማዊት መስኮቱን ከፍታ እስኪደርሱ ድረስ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተጓዡ ጥላ ሥር ተኮልኩሏል። ተዋበች ፀሐይ ላይ ቆመች። ላቧ ማስኩን አርሶታል። ተራዋ ሲደርስ ጠባቂው የሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ ደገነና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሐራራ!»

ከኤምባሲው መጥቶ የተጓዦችን ስም የሚጠራው ሚልኪያስ በዐረብኛ ተለማመጠው፤ ትኩሳት ሳይሆን የልብሱ ሙቀት ነው አለው። ከዚያ ወደ ተዋበች ዞረ። «አውልቂው፤ ትንሽ ተናፍሰሽ እንደገና ይለካሽ።»

ተዋበች የካፖርቱን ደረት ጭብጥ አድርጋ ያዘች። «አላወልቅም። የት ላደርገው ነው? ጥዬውማ አልሄድም!»

«እህቴ፣ ቀጣዩ በረራ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም እኮ!»

«አላወልቅም አልኩህ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጠባቂው አብሯት የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሚልኪያስ ሰላማዊትን አያት። እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አላውቃትም» አለች።

ጠባቂው ተዋበችን በእጁ ምልክት ከሰልፉ አስወጣት። ሚልኪያስ ተስፋ ቆርጦ ስሟን ሰረዘና የመጀመሪያዋን ተጠባባቂ ጠራ።

ሰላማዊት በሩጫ ገባች። ሻንጣ የለ፣ ሚዛን የለ። ለተዋበች ቅንጣት አላዘነችም። ለአንድ አሮጌ ካፖርት ብላ አገሯን ያጣች ሴት ንቀት እንጂ ሐዘን አይገባትም። ዞር ብላም አላየቻት።

ተዋበች አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ አጥሩ ጥግ ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ኢሳያስ፣ እህትህ መጥታልሃለች፤ እኔ እንደቀረሁላት ግን አደራህን እንዳትነግራት፣ ከሰው መቀበል አትወድም።»